በኪራይ ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስ በሕግ ሊከለከል ይገባልን?

ርእሰ አንቀጽ

ከግቢ ውጭ በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ቤት ይይዛሉ፤ ኪራዩን ይካፈላሉ፤ በአንድ ድስት አብስለው ይበላሉ። ከመምህራኖቻችንም ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ሕንጻ ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ስለዚህ ሰሞኑን በምግብ አዳራሹ ተነሥቶ ብዙ ያነጋገረው ጥያቄ፣ ይኸውም ሰው በተከራየው ቤት ውስጥ ሲጋራ እንዳያጨስ ሕግ ይከልክለው ወይስ አይከልክለው የሚለው፣ የምሳ ሰዓት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም ብለን አሳባችንን ለመግለጽ ተነሥተናል።

በመጀመሪያ የተቃዋሚዎቹን አሳብ በቅን ልቡና እንመልከት። «ኪራዬን ከፍዬ፣ በሬን ዘግቼ በገዛ ክፍሌ ውስጥ የማደርገው ማንንም አይመለከትም፤ ዛሬ ለሲጋራ ብሎ የገባ ሕግ ነገ ለምንበላውና ለምናነበው ይገባል» ይላሉ። ይኽ ፍርሃት በከንቱ የመጣ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወትና መኖሪያ ቤት እንዲከበር የደነገገው፣ ባለሥልጣን እንደ ልቡ በሰው ጓዳ እንዳይገባ ነው። እኛም ተማሪዎች ይኽን መብት ከማንም ይልቅ ልንጠብቀው ይገባናል።

ዳሩ ግን ይኽ ክርክር የሚጸናው ጭሱ በክፍሉ ውስጥ የሚቀር ቢሆን ነበር። በጋራ ሕንጻ ውስጥ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን አይቀርም። በበሩ ሥር፣ በደረጃው፣ የውሃ ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳና በመጸዳጃ ቤቱ አየር መውጫ በኩል አልፎ ይሄዳል። አንደኛ ፎቅ ላይ የተለኮሰው ሲጋራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለች አራስ ዘንድ ይደርሳል። አራሲቱ መስኮቱን ብትከፍት ከታችኛው በረንዳ የሚወጣው ይገባባታል፤ ብትዘጋው ደግሞ በቀዳዳው የመጣው ታፍኖ ይቀርባታል። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሪፖርት፣ የሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ ጉዳት የማያመጣበት መጠን እንደሌለው፣ አጫሹን በሌላ ክፍል መለየትም ሆነ አየር ማናፈስ ጨርሶ እንደማያድን አስታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ራሳቸው ሳያጨሱ በሌላው ጭስ ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሕፃናትም ለአስም፣ ለሳንባ ምችና ለጆሮ ሕመም ይጋለጣሉ። አጫሹ ፈቅዶ ያጨሳል፤ ሕፃኑን ግን ማን ጠየቀው?

አሳቡ ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225፣ ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት በጎረቤቱ ላይ እንዳያመጣ ይከለክላል። ቃሉ ለተከራዩ ሳይሆን ለባለሀብቱ የተነገረ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። እንደዚሁም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች፣ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ለግማሽ ሰዓት ሻይ በሚጠጣበት ቤት ከጭስ ሲጠበቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሚተኛበት ክፍል ግን ከጎረቤቱ ጭስ የሚጠብቀው የለም ማለት ነው። ይኽ የተገለበጠ ነገር ነው።

«ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፤ ከሰል ይነዳል፤ እርሱስ ይከልከል?» የሚሉም አሉ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ውስጥ እንደሚጎዳ፣ አልፎም እንደሚገድል አንክድም። ነገር ግን ብዙው ሰው ከሰል የሚያነደው መብራት ሲጠፋበት ወይም ሌላ ማብሰያ ሲያጣ ነው፤ መድኃኒቱም የማይጨስ ምድጃና የማይቋረጥ መብራት ማቅረብ እንጂ ምግብ አታብስል ማለት አይደለም። ሲጋራ ግን ከሕንጻው ወርዶ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ሊጨስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጦሙን የሚያድር ማንም የለም።

ስለዚህ በመሠረቱ ክልከላውን እንደግፋለን። የእኛ ጭንቀት በክልከላው ሳይሆን በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው፤ ለዚህም ከሌላው ዓለም የምንማረው አለ። የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በሚከራዩት የመንግሥት ቤቶች ክፍሎች ውስጥና ከሕንጻዎቹ በ25 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዳይጨስ ደንብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ በመላው አገር አስፈጸመ። የሕፃናቱ ሳንባ ተጠቅሟል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ከተማ አፓርትመንት ገዝቶ የሚኖረውን ባለገንዘብ ደንቡ አይነካውም። በካሊፎርኒያ ያለችው የሳን ራፋኤል ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ግድግዳ በሚጋሩ መኖሪያዎች ማጨስን ስትከለክል ባለቤትና ተከራይ አልለየችም። የጀርመን የበላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 በሁለት ጎረቤቶች ክርክር፣ ከበረንዳ የሚመጣው ጭስ በብርቱ የሚያውከው ሰው በተወሰኑ ሰዓቶች እንዳይጨስ ሊጠይቅ ይችላል ብሎ ፈረደ። ይኽ ሁለቱንም ወገን የሚያኖር መንገድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ቤት ፈልጎ የደከመ ሁሉ የአከራይና የተከራይ ነገር እንዴት እንደሆነ ያውቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይኽ ለተከራዩ ትንሽ ጥላ ሆኖለታል። ተከራዩን ብቻ የሚከለክል፣ ቅጣቱም ከቤት ማስወጣት የሆነ የሲጋራ ሕግ ቢወጣ ግን ይኽ ጥላ ይገፈፋል። የተሻለ ኪራይ የሚከፍል ሰው ያገኘ አከራይ «ሲጋራ ሸተተኝ» ማለት ብቻ ይበቃዋል። ሽታ ማስረጃ አይያዝበትም። ያላጨሰውም በአጫሽ ስም ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል። ተከራዩን ብቻ የሚያስር ክልከላ የጤና ሕግ ሳይሆን የአከራይ ዱላ ነው እንላለን።

እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ሕጉ የኪራይ ውሉን ሳይሆን የጋራውን ግድግዳ ይከተል፤ ግድግዳና ወለል የሚጋራ ሁሉ፣ ባለቤትም ተከራይም፣ እኩል ይከልከል። ከሕንጻው ራቅ ብሎ ዝናብ የማያስመታ የማጨሻ ቦታ ይዘጋጅ። ፖሊስ ወደ ማንም ክፍል አይግባ፤ አቤቱታው ለሕንጻው ማኅበር ይቅረብ። በአዋጅ ቍጥር 370/1995 የተቋቋመው ማኅበር ግን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ፣ አቤቱታውን የሚሰማው ሸንጎ ከተከራዮችም የተመረጡ ሰዎች ይኑሩበት። ቅጣቱ በመጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፣ በመጨረሻ ለሕንጻው ጽዳት የሚውል አነስተኛ መቀጫ ይሁን፤ በሲጋራ ምክንያት ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ሕጉ ራሱ ይናገር። ለለመደውም ሰው የመዘጋጃ ጊዜና ልማዱን ለመተው የሚረዳው ሐኪም ይሰጠው፤ ሱሱ በሽታ ነውና።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ትምባሆው ግን እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ሰውን የሚያስፈራ ሕግ ጭሱን ደብቆ ያቆየዋል፤ ሰው አምኖበት የሚቀበለው ሕግ ግን ዘብ ሳይቆምለት ይሠራል።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። በመኝታ ቤቶቻችን መጸዳጃ ውስጥ በሌሊት የሚጨሰውን ሲጋራ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስም ያለበት ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ተሸፋፍኖ ሲስልም ሰምተን ዝም ብለናል። ሕግ አውጪውን ከመጠየቃችን በፊት ይኽን ዝምታ እንተው። የሚያጨስ ወንድማችን ወደ ውጭ ይውጣ፤ የማናጨሰውም ሳንንቀው እንንገረው። የሕግ መምህራኖቻችንም በዚህ ጉዳይ ላይ አሳባቸውን ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው ዕትማችን በደስታ እናወጣለን።