አዞል ከአበባ እርሻ ይውጣ? የሐኪምና የሰብል ባለሙያ ሙግት

ይውጣ (የካንሰር ሐኪም)

አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለውን ሻጋታ ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን። ብናኙ ከሁለት እስከ ሦስት ማይክሮሜትር ስለሆነ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴሎች ጠርገው ያስወግዱታል። የደም ካንሰር ይዞት ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ግን ነጭ ሴሎቹ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተሟጠው ይቆያሉ። ያኔ ሻጋታው ሳንባ ውስጥ ይበቅላል፤ የደም ሥር ጥሶ ይገባል። ትኩሳቱ በአንቲባዮቲክ አልበርድ ይላል፤ ሲቲ ስካን ሲነሳ ሳንባው ላይ ድቡልቡል ጥላ ይታያል።

ለዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒታችን አዞል ከሚባሉት ፀረ ፈንገሶች ወገን የሆነው ቮሪኮናዞል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሌላ ፀረ ፈንገስ ከሆነው ከአምፎተሪሲን ቢ ጋር ሲያነጻጽረው፣ ከ12 ሳምንት በኋላ በቮሪኮናዞል ሕክምናቸውን ከጀመሩት 71 በመቶ፣ በአምፎተሪሲን ከጀመሩት 58 በመቶ በሕይወት ነበሩ። በኪኒን መልክም ስላለ ታማሚው ቤቱ ሆኖ ሊቀጥለው ይችላል።

አሁን ይህን መድኃኒት እያጣነው ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የናይሜኸን ተመራማሪዎች አዞል የማይበግረውን ሻጋታ ሲመረምሩ አብዛኛው አንድ ዓይነት የጂን ለውጥ ተሸክሞ አገኙት። አዞል ወስዶ የማያውቅ ታማሚ ሳይቀር በዚሁ ሻጋታ ታሟል። ያው ለውጥ ያለበት ሻጋታ ከአፈርና ከኮምፖስትም ተገኘ።

መንገዱን ተመልከቱት። የቱሊፕ ራስ ከመተከሉ በፊት ፀረ ፈንገስ በተበጠበጠበት ውሃ ይነከራል። ለእርሻ የሚውሉት ቴቡኮናዞልና ፕሮፒኮናዞል ከቮሪኮናዞል ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የተበላሸው ራስ፣ ልጣጩና ቅጠሉ ይከመራል፤ ክምሩ ውስጥ ውስጡን ይግላል፤ ይህ ሻጋታ ደግሞ ሙቀት ይስማማዋል። የኬሚካል ቅሪት ባለበት ክምር ውስጥ እየተራባ የሚሄደው መድኃኒቱን የተላመደው ነው። ክምሩ በተገላበጠ ቁጥር ብናኙ ወደ አየር ይወጣል።

የሚያስከፍለንም ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ መድኃኒቱ በሚገድለው ሻጋታ ከታመሙት 28 በመቶ፣ በተላመደው ከታመሙት ደግሞ 49 በመቶ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሞተዋል። ካንሰሩን ታግሎ እዚህ የደረሰን ሰው ለአበባ ማስቀመጫ ጌጥ ሲባል ማጣት አይገባንም።

አይውጣ (የሰብል ጥበቃ ባለሙያ)

ዶክተር፣ የታማሚዎችዎን ስቃይ አላቃልልም። መድኃኒቱን የሚፈልገው አበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ጎን እቆም ነበር። ነገር ግን አዞል ሲወገዝ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ አገራችን ላይ ሲወርድ ኩብሳና ገላማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች አልቻሉትም። ቢጫ ዱቄት የመሰለው ነገር በቅጠሉ ላይ ተሰልፎ ከታየ በኋላ፣ የማይቋቋም ዝርያ የዘራ ገበሬ በእጁ የሚቀረው የሚረጭ መድኃኒት ነው፤ ከሚረጨውም አንዱ ፕሮፒኮናዞል ነው። ያን ማሳ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ።

ደግሞስ ጥፋቱ የት ነው ያለው? እነዚያው የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የተላመደው ሻጋታ የሚፈለፈልባቸውን ቦታዎች ለይተዋል፦ የአበባ ራስ ተረፈ ምርት ክምር፣ የአረንጓዴ ቆሻሻ ኮምፖስትና የእንጨት ፍርፋሪ። የስንዴ ማሳ ከነዚህ ውስጥ የለም። እንግዲያው ክምሩን እንያዘው። በሚገባ ግሎ ሲብላላ ሻጋታው ይቀንሳል፤ ዝም ብሎ ተቆልሎ ሲቀር ነው የሚራባው።

አንድ ነገር ደግሞ ያስጨንቀኛል። አዞልን ሲነጥቁት አምራቹ ሌላ ይፈልጋል። ኢፕፍሉፌኖክዊን የተባለ አዲስ የእርሻ ፀረ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሻጋታውን የሚመታበት ቦታ፣ እናንተ በተስፋ የምትጠብቁት አዲስ መድኃኒት ኦሎሮፊም ከሚመታበት ጋር አንድ ነው። እገዳው ከአሮጌው መድኃኒት አልፎ አዲሱንም ሊያሳጣዎት ይችላል።

የሐኪሙ መልስ

ስለ ኦሎሮፊም የተናገሩት እውነት ነው፤ ግን ለእኔ ይመሰክራል። ያ የእርሻ ኬሚካል ሲፈቀድ መድኃኒቱ ገና ገበያ ላይ እንኳ አልዋለም ነበር። የእርሻው ፈቃድ ሰጪ ሆስፒታሉን ካልጠየቀ ነገም ያው ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሻጋታ እ.ኤ.አ. በ2022 እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራት ፈንገሶች ተርታ አስቀምጦታል።

ክምሩ ይስተካከል፤ እስማማለሁ። የቱሊፑን ራስ በአዞል መንከሩ ካልቆመ ግን ክምሩ ሁልጊዜ ኬሚካል ይዞ ይመጣል። ነገሩም የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ያው የጂን ለውጥ ታንዛኒያ ውስጥ ከኪሊማንጃሮ አካባቢ አፈር ተገኝቷል፤ የእኛም የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ከቱሊፑ ጋር በአንድ ጨረታ ይሸጣል። ቮሪኮናዞል ከከሸፈብኝ የሚቀረኝ አምፎተሪሲን ነው፤ በደም ሥር ይሰጣል፤ መደበኛው ኩላሊት ይጎዳል፤ ኩላሊት የሚቆጥበው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ለስንዴው ገበሬ አልፈርድበትም። ለአበባ ግን ይቅር።

የሰብል ባለሙያው መልስ

ማንኛውም ፀረ ፈንገስ ለእርሻ ሲመዘገብ ሐኪም ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ የሚለውን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። የአበባ እርሻዎችም በዓመት የትኛውን አዞል ምን ያህል እንደረጩና ተረፈ ምርቱን የት እንደጣሉ እንዲያስመዘግቡ ይገደዱ። ከኮምፖስታቸው ናሙና ተወስዶ ይመርመር፤ የተላመደ ሻጋታ የተገኘበት እርሻ አዞል ይከልከል። ይህ ሳይደረግ በጅምላ ከታገደ ግን፣ በምትኩ የሚረጨው ምን እንደሆነና የትኛውን የእርስዎን መድኃኒት እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።