የመቶ ዓመት ዕድሜ፣ የ35 ዓመት ከለላ

በአንታርክቲካ፣ በሮስ ባሕር፣ ውሃው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ ሆኖ በሚከርምበት ወለል ላይ ኦዶንታስተር ቫሊደስ የምትባል የባሕር ኮከብ ትኖራለች። ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም፤ የአቆስጣ ኩስም ሆነ ጥንብ ያገኘችውን ትበላለች። ለአካባቢው የምትሰጠው አገልግሎት ግን ከመጠኗ በላይ ነው። እዚያ ወለሉን እንደ ደን የሸፈኑ ሰፍነጎች አሉ፤ እነሱን የሚበላው አኮዶንታስተር የተባለው ዘመዷ ደግሞ በግዝፈት እጅግ ይበልጣታል። አንዷ ክንዱ ላይ ትወጣና ጨጓራዋን ወደ ውጭ ገልብጣ ቆዳውን ትበሳዋለች፤ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሌሎቹን ይስብና ተረባርበው ይበሉታል። ፖል ዴይተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሰፍነጎቹ ተበልተው እንዳያልቁ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው አደን ነው።

ይህች ፍጡር የምታድገው እጅግ በዝግታ ነው። በደንብ የተመገበችው እንኳ 30 ግራም ገደማ ለመመዘን ዘጠኝ ዓመት ያህል እንደሚፈጅባት፣ ዕድሜዋም መቶ ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል። 24 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ተስማምተው 1.55 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን የሮስ ባሕር ጥብቅ ክልል ሲያቋቁሙ ግን የሰጡት ጊዜ 35 ዓመት ነው። ስምምነቱ በ2017 መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል ወጣት የነበረች ኮከብ፣ በ2052 ጊዜው ሲያበቃ ገና ዕድሜዋን ላታጋምስ ትችላለች። የጥበቃ ዘመን መለካት ያለበት በሚጠበቀው ሕይወት ዕድሜ እንጂ በተደራዳሪዎች ትዕግሥት አይደለም።

የባሕር ኮከብ የሚያጠምድ የለም፣ የሚፈለገው ቱዝፊሽ የተባለው ዓሣ ነው የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቱዝፊሽ የሚያዝበት ባለ መንጠቆ ረጅም ገመድ የሚዘረጋው ወለሉ ላይ ነው፤ ወለሉ ደግሞ የሰፍነጎቹና የኮከቧ ቤት ነው። ሙቀትን ከብዙ ጎረቤቶቿ በተሻለ ትችላለች የሚሉም አሉ። ይህም ትክክል ነው፤ ሆኖም ሙቀት መቻሏ ለተጎዳ ወለል መድኃኒት አይሆንም። ክብደት ያለው ተቃውሞ የጊዜ ገደቡ ባይኖር ስምምነቱም ባልተገኘ ነበር የሚለው ነው። ለ2016ቱ ድርድር ይህ ምናልባት ልክ ነው። ይሁንና የ1991 የማድሪድ ፕሮቶኮል በአንታርክቲካ የማዕድን ቁፋሮን ሲከለክል የማብቂያ ቀን አላስቀመጠም፤ መንግሥታትም ተቀብለውታል። አሁን ባለው ደንብ በ2052 ጥበቃውን ለመቀጠል የሁሉም አባላት ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንድ አገር እምቢ ካለ ያከትማል። መገልበጥ ያለበት ይህ ነው፦ ጥበቃው ይቀጥል፣ የሁሉም ስምምነት የሚጠየቀው ለማንሳት ሲፈለግ ይሁን።