ሳጥኑ ሲጮኽ ቃሉ እንዳይቀበር

በሀገሪቱ የመድረክ ሙዚቃ ዙሪያ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ አመለካከት አለ። ይኸውም ቤዝ ጊታር ደረት እስኪያንቀጠቅጥ ከጮኸ ተግባሩን ፈጽሟል የሚለው ነው። በዚህ አመለካከት የሚመራ ዕቃ ገዢ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ዋቱ ስንት ነው? ስፒከሩስ ስንት ኢንች ነው? መልሱ በገዘፈ ቁጥር ግዢው የተሳካ ይመስለዋል። ውጤቱ የሚታየው ግን በአዳራሹ ውስጥ ነው። ድምፃዊው አፉን ይከፍታል፤ ግጥሙ አይሰማም። የክራር ተጫዋቹ ጣት ሲሮጥ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም። በሰምና ወርቅ የተሠራ ስንኝ አንዲት ቃል ብትጎድለው ወርቁ ይጠፋልና፣ ነገሩ የቴክኒክ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

የመሣሪያው ተፈጥሮ ራሱ ይህን አመለካከት ይቃወማል። የባለ አራት አውታር ቤዝ ጊታር ወፍራሟ አውታር ሳትያዝ ስትመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ከዚህ መሠረት በላይ በ82፣ በ123 እያሉ የሚወጡ ተከታይ ድምፆች አሉ። ጆሮ ኖታውን አጥርቶ የሚለየው በአብዛኛው በእነዚህ ነው፤ መሠረቱ ቢደክም እንኳ ከእነርሱ ተነሥቶ ይሞላዋል። በአንጻሩ ወፍራም ድምፅ ከልክ ሲያልፍ ከበላዩ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይሸፍናል። ቀዳሚው ተጎጂ የሰው ድምፅ ነው።

የበገና ሠሪዎች ይህን ያለ መለኪያ መሣሪያ ተገንዝበውታል። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ወፍራሙን ድምፅ እንዲነዝር አድርጎ በጆሮ እንዲጨበጥ ያደርገዋል። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ቤዝ ጊታርም «ፕሪሲዥን» የተባለው በፍሬቶቹ አማካይነት ኖታው በትክክል ስለሚያዝ ነው። ለትክክለኛነት የተሠራ መሣሪያ የጉርምርምታ ምንጭ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

«ባለ 15 ኢንች ከሌለ ቤዝ የለም» የሚለው አባባልም ፍተሻን አይቋቋምም። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 300 ዋት አምፔግ ኤስ.ቪ.ቲ. የሚታወቀው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን በያዘ ድፍን ሳጥን ነው። የስምንቱ ስፋት ተደምሮ ከሦስት ባለ 15 ኢንች ይበልጣል። የሁለት ባለ 10 ኢንች ስፋት እንኳ ወደ አንድ ባለ 15 ኢንች ይጠጋል። ስለዚህ ወሳኙ የስፒከሩ አሠራርና ከሳጥኑ ይዞታ ጋር ያለው ስምምነት እንጂ ኢንቹ ብቻ አይደለም።

ሳጥንን በተመለከተ የማይሻር ሕግ አለ። አነስተኛ መጠን፣ ጥልቅ ድምፅና ከፍተኛ ጩኸት በአንድ ሳጥን ሦስቱም በሙሉ አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይከፍላል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በአግባቡ ከተሠራ ጥልቀት ይጨምራል፤ በግዴለሽነት ሲሠራ ግን አንዲቱን ኖታ አግንኖ ሌሎቹን ያሳንሳል። በዚህ ሳጥን ችክችካ የተመታ እንደሆነ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል፤ ትዝታውና ባቲው በአንድ ጉርምርምታ ይዋጣሉ።

ዋትም ቢሆን ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። በእኩል ዋት 3 ዴሲቤል አብልጦ የሚጮኽ ሳጥን የማጉያውን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። ማጉያው ከዚያ በታች የማይችል ከሆነ ሦስተኛ ሳጥን መጨመር ማጉያውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ምርጫው ቢሳካም አቀማመጡ ሊያበላሸው ይችላል። ጥግ የተወተፈ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ያብጣል፤ ባዶ የእንጨት መድረክም አብሮት ያስተጋባል። ቀጭኑ ድምፅ ፊት ለፊት ስለሚሄድ፣ ሳጥኑን ጉልበቱ ሥር ያስቀመጠ ተጫዋች የጣቱን ጥራት አይሰማም፤ ስለማይሰማም ይጨምራል። ሳጥኑን ከወለል ማንሣትና ወደ ጆሮው ማቅናት፣ ስፒከሮቹንም ጎን ለጎን ከመደርደር አንዱን በሌላው ላይ ማቆም ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ወጣቱ ታዳሚ ግለቱን ይሻል» ይላሉ። ይሻል፤ ነገር ግን እግር የሚከተለው የተለየ ምትን እንጂ የተደባለቀ ጩኸትን አይደለም። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ከሮሃ ባንድ ጋር የሰማ ሰው፣ ቤዝ ዜማን ተሸክሞ መራመድ እንደሚችል ያውቃል። ሕዝቡ ጩኸት ይወዳል ማለት የራስን ስንፍና በሕዝቡ ላይ ማላከክ ነው።

እንግዲህ ቴያትር ቤቶችና የባህል ተቋማት ሳጥን በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ መግዛታቸው ሊያበቃ ይገባል። ከገንዘብ ያዡ ጎን ቤዝ ተጫዋቹና ድምፃዊው ይቀመጡ። ሳጥኑ በመደብር ሳይሆን በሚያገለግልበት አዳራሽ፣ ሙሉ ባንድ እየተጫወተ ይፈተን። ግጥሙን ቀድሞ የማያውቅ አንድ አድማጭ በመጨረሻው ረድፍ ይቀመጥና የሰማውን ስንኝ ይጻፍ። ቃሉ ሳይጎድል ከተጻፈ፣ ቤዙም ከእያንዳንዱ ኖታው ጋር ከተለየ፣ ሳጥኑ ይገዛ። ካልሆነ ግን ግዝፈቱም ሆነ ዋጋው ሳያታልል ይመለስ።