ሞተሩ ተፈትቶ የግዳጅ ጥሪ ቢመጣስ?

ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ ወይም ከዘመድ ተበድሮ አሮጌ መኪና የገዛ የሠራዊት አባል በየጦር ሰፈሩ አይጠፋም። መኪናዋ ለቅንጦት የተገዛች አይደለችም። ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ የታመመውን ሆስፒታል ታደርሳለች፤ በዕረፍት ቀን ዕቃ ጭና ለጓዳው መደጎሚያ ታስገባለች። ይህች የቤተሰብ ጥሪት አንድ ቀን ጭስ ተፍታ መንገድ ላይ ስትቆም ጋራዥ የሚጠይቀው ዋጋ የወር ደመወዝን ውጦ የሚያልፍ ይሆናል። በዚህን ጊዜ በትራንስፖርት ወይም በጥገና ክፍል ያገለገለ፣ ወይም ከመካኒክ ጓደኛው ጋር እጁን ያፍታታ ሰው «ራሴ እሠራዋለሁ» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን የሚኖረው በካምፕ የረድፍ ቤት ወይም በጋራ ግቢ ውስጥ ነው። መኪና የሚያስገባ በር፣ ሲሚንቶ የለበሰ ወለል፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልል ጣራ የለውም። የሥራ ቦታው የመንገድ ዳር ነው።

ጋራዥ የሌለው ሰው ከባድ ጥገናን በሜዳ ላይ ማከናወን ይችላልን? የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል። በአጭሩ ይችላል። ይሁን እንጂ ግድግዳና ጣራ የሚሰጡትን ሥርዓት በራሱ ዲሲፕሊን መተካት ይኖርበታል።

በሜዳ ላይ መጠገን ለወታደር እንግዳ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሰሜን አፍሪካ በረሃ የተዋጋው የእንግሊዝ ጦር ታንኮቹንና ካሚዮኖቹን የሚጠግነው በአሸዋ ላይ ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. ለዚህ ተግባር ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክና የመካኒክ መሐንዲሶች ጓድ ተቋቋመ። የዚህ ዓይነቱ አደረጃጀት መርህ ቀላል ነው፦ ቀላሉ ብልሽት ባለበት ቦታ ይጠገናል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ወዳለው ወርክሾፕ ይጎተታል። መርሁ ለአንድ ቤተሰብ መኪናም ያገለግላል። የመጀመሪያው የመካኒክ ችሎታ የትኛው ሥራ በመንገድ ዳር እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ነውና።

የመንገድ ዳር ጥገናን ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ ከሚያሳዩን ሥፍራዎች አንዱ ከድንበራችን ባሻገር ይገኛል። ከመተማ ተነሥቶ በገዳሪፍና በወድ መደኒ በኩል ካርቱም የገባ ሰው ከከተማዋ መሐል በስተ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ደቡባዊ ዳርቻ ቡሪ የተባለውን ሠፈር ያገኛል። ከጣና የወጣው ውኃችን ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፈው በዚህ ሠፈር አጠገብ ነው። ኢትዮጵያውያን በካርቱም ልዩ ልዩ ሠፈሮች ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ቡሪም አንዱ ነው። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም የታወቀ የጋራዥና የመለዋወጫ ሥፍራ የነበራት በኢንዱስትሪ ቀበሌዋ ቢሆንም፣ ብዙው ጥገና የሚካሄደው በየመንደሩ አሸዋማ መንገድ ዳር፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። አምጃድ የሚባሉት ትንንሽ የሕዝብ ማመላለሻዎች፣ ባለ ሦስት እግሮቹ ራክሻዎችና ያረጁ ሂሉክሶች በዚያው ይፈታሉ፤ በዚያው ይገጠማሉ። ከአጠገባቸው ሱዳኖች «ሲት አል ሻይ» የሚሏት ሻይ አፍይ ከሰሏን አቀጣጥላ ትቀመጣለች። በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችንም ይገኙባቸዋል።

በዚያ አገር የመካኒኩ ሁለት ጠላቶች ሙቀትና አቧራ ናቸው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ክፍት የሆነ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ አሸዋ ይጠጣል። ስለዚህም ብልህ መካኒክ ንጹሕ ጨርቅና ሸራ ሳያዘጋጅ የሞተር ክዳን አይከፍትም። በመተማ፣ በሑመራ ወይም በአፋር በረሃ ያገለገለ ወታደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ቡሪ ግን ከዚህ የበለጠ ትምህርት ትሰጠናለች። ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጧት በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። የሱዳን ጦር ጠቅላይ መምሪያና የአውሮፕላን ማረፊያው በቡሪ አቅራቢያ ስለሚገኙ ሠፈሩ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች አንሥቶ በተኩስ መካከል ወደቀ። ዕለቱ ለሙስሊሙ ነዋሪ ከረመዳን የመጨረሻ ቀናት አንዱ፣ ለኦርቶዶክሱ ወገናችን የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ማንም ለሽሽት አልተዘጋጀም። በቀጠሉት ቀናት ቤንዚን ጠፋ፤ የአውቶቡስ ዋጋ ሰማይ ነካ። የሚነሣ መኪና ያለው ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ወድ መደኒ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ እስከ መተማም ድረስ ወጣ። ሞተሩ ተፈትቶ በድንጋይ ላይ የቆመ መኪና ግን ለባለቤቱ ከተከመረ ብረት የተለየ ጥቅም ሊሰጠው አይችልም ነበር።

እኛ ወታደሮች በዚህ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። የግዳጅ ጥሪ መኪናችን ተፈትታ እንደሆነ አይጠይቅም። ዓርብ ማታ ሞተር የፈታ ጓድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ወደ ሌላ ግንባር ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በደጇ ላይ የቆመ የመኪና አጽምና በየጣሳው የተበተነ ብሎን ታቅፋ ትቀራለች። ጎማው ይተነፍሳል፤ ዝናብ ሲሊንደሩን ያዝገዋል፤ አንድ ሁለት ዕቃ ይሰረቃል። በብዙ ድካም የተገዛው ጥሪት በዚህ ዓይነት ነው የሚጠፋው። ስለዚህ የሜዳ ጥገና ዋና ሕግ መኪናን ከሚያስፈልገው ሰዓት በላይ ክፍት አለማቆየት ነው።

ይህን ሕግ ለመፈጸም ሥራው ብሎን ከመንካት በፊት ይጀመራል። መለዋወጫው በሙሉ ተገዝቶ ቤት ሳይገባ ምንም አይፈታም። ከፈታን በኋላ ጓርኒሲዮን ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ መላላክ መኪናዋን ለሳምንታት ያስራታል። ቀጥሎ ሥራዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ የፍሬን ሸራና ራዲያተር መቀየር በአንድ ቀን የሚያልቁ ስለሆኑ በመንገድ ዳር ይሠራሉ። የሞተር ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉትን አንሥቶ ጓርኒሲዮን መለወጥ የሁለት ሦስት ቀን ሥራ ነውና ፈቃድና ረዳት ባለበት ጊዜ ብቻ ይሞከራል። ሞተርን ወይም ካምቢዮን ማውረድና በቤንዚን ታንክ አጠገብ መበየድ ግን ወደ ጋራዥ ይሄዳሉ። ይህን ማድረግ የሰነፍ ምልክት አይደለም፤ የአዋቂ ውሳኔ ነው።

የቴስታታን ጓርኒሲዮን ምሳሌ አድርገን እንመልከት። ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል የብረቱ ክዳን ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ምልክቶቹ የሚታወቁ ናቸው፦ ዘይቱ ወተት እንደተጨመረበት ቡና ይነጣል፤ በራዲያተሩ አረፋ ይንተከተካል፤ በማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል። መነሻው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሞተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሙቀት ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ላስቲክ ሲያረጅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃው ይፈላል፤ ይጎድላል፤ ሞተሩ ይቃጠላል። በጥቂት ብር የሚገዛ ክዳን በወቅቱ አለመለወጥ ከባድ ወጪ ያስከትላል ማለት ነው።

ሥራው ከተጀመረም ሥርዓት አለው። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይነካም። ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሐል ጥቂት በጥቂት ይላላሉ። ሲገጠሙ ደግሞ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ ቶርክ በሚባለው ባለ መለኪያ መፍቻ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ። የተነሣው ክዳን ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይፈተሻል። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው ጥመት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ግዴታ ነው። ይህን መለኪያ ዘሎ አዲስ ጓርኒሲዮን የሚያስገባ ሰው ያንኑ ሥራ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ይሠራዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነጥብ እንምጣ። የጠፋ ገንዘብ ይተካል፤ ከመኪና ሥር የቀረ አባት ግን አይተካም። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ ሰው ከሥሩ ተኝቶ እንዲሠራ አልተፈጠረም። የመንገድ ዳር አፈር ለስላሳ በመሆኑ የክሪኩ እግር ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ ወይም ይንሸራተታል። ስለዚህ ቦታው ደልዳላ ይሁን፤ ተዳፋት ፈጽሞ አይመረጥ። በመሬት የሚቀሩት ጎማዎች በፊትም በኋላም በታኮ ይያዙ። ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ በብረት መደገፊያ እግሮች ላይ ትረፍ፤ የተፈታውም ጎማ ከነቸርኬው ከሻንሲው ሥር ይተኛ። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈረካከስ ለድጋፍ አይታመንም። ሰው ከመግባቱ በፊት መኪናዋ በእጅ ገፋ ገፋ ተደርጋ ትፈተን። የምትነቃነቅ ከሆነ እንደገና ይጀመር።

በዚህ ሁሉ የባለቤቲቱ ድርሻ ሻይ ከማቅረብ እጅግ ያለፈ ነው። እኅታችን የሥራው ምክትል አዛዥ ናት። ባሏ ከመኪና ሥር ሳለ እርሷ ወይም ሌላ አዋቂ ሰው በዓይን ርቀት መገኘት ይገባዋል። ድጋፍ ሳይገባ ሊገባ ቢያስብ «አይሆንም» የማለት ሙሉ ሥልጣን አላት፤ ባልም ይህን ትእዛዝ እንደ አለቃ ትእዛዝ ሊቀበል ይገባል። ሁለተኛው ተግባሯ የመዝገብ ሥራ ነው። የተፈታው ብሎን ከየት እንደወጣ ተጽፎበት በየጣሳው ይቀመጥ። በደብተር ላይ ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተገዛ፣ ምን እንደቀረና የትኛው መካኒክ ሥራውን እንደሚያውቅ በየማታው ይመዝገብ። የግዳጅ ጥሪ ቢመጣ ያን ደብተር ይዛ ሌላ ባለሙያ ጠርታ ሥራውን ታስጨርሳለች። በሥርዓት የተያዘ ደብተር በሌለበት ግን አዲሱ መካኒክ ከሀ ይጀምራል፤ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል።

ስለ ልጆችና ስለ ጎረቤትም አንድ ቃል እንጨምር። የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። በክፍት ባልዲ አይቀመጥ፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ደግሞ ፈጽሞ አይገልበጥ። ከአሮጌ የፍሬን ሸራ የሚወጣው አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእፍታ አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የተቃጠለ ዘይት ለረጅም ጊዜ ቆዳን ሲነካ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላልና እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህ ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ። በባሕር ዳር የተደፋ ዘይት ዓባይን ያገኛል፤ ዓባይም ከቡሪ ደጃፍ በታች ያልፋል። መንገዱ የጋራ ስለሆነ ከጎረቤት ፈቃድ መጠየቅ፣ ሌሊት መዶሻ አለማሰማትና ማታ ማታ ሥፍራውን መጥረግ የጨዋ ሰው ግዴታ ነው። በካምፕ ውስጥም የአዛዡ ፈቃድ ሳይገኝ መኪና አይፈታ።

የጦር ሰፈር ሰው የሚኖረው በጋራ መሬት ላይ ነው፤ ጊዜውም ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም። ቢሆንም መለዋወጫውን አስቀድሞ ያሟላ፣ ድጋፉን ያጠበቀና ደብተሩን የያዘ ቤተሰብ በሰማይ ጣራ ሥር ብዙ ሊሠራ ይችላል። ዓርብ ማታ መፍቻውን የሚያነሣ ጓድ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ «ነገ ብጠራ ይህች መኪና በምን ሁኔታ ትቀራለች?» ብሎ ይጠይቅ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘ መፍቻውን ወደ ሣጥኑ ይመልስ።

የተዘጋጀ ቤተሰብ የወታደር ደጀን ነው!