«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» እና የአፍሪካ ፍልስፍና ጥናት ያልተወራረደ ሂሳብ

አፍሪካ የራሷ ፍልስፍና አላት ወይስ የላትም የሚለው ጥያቄ ምሁራንን በስፋት ማከራከር ከጀመረ ሰማንያ ዓመታት ገደማ ተቆጥረዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ የኢትዮጵያ ስም የሚነሳው በአብዛኛው በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው፤ በ«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»። መጽሐፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ፍልስፍና ማስረጃ ሆኖ በልዩ ልዩ መድረኮችና በመገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ይሁንና የደራሲው ማንነት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር መቆየቱና ክርክሩም ዛሬም እልባት ያላገኘ መሆኑ አብሮ የሚነገረው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የአህጉሩን ክርክር የቀሰቀሰው በጊዜው የቤልጂግ ቅኝ ግዛት በነበረችው ኮንጎ ያገለግሉ የነበሩት ሚሲዮናዊ ፕላሲድ ቴምፕልስ በ1945 ያሳተሙት «የባንቱ ፍልስፍና» የተሰኘ መጽሐፍ ነው። ቴምፕልስ የባንቱ ሕዝቦች ስለ ሕይወትና ስለ ህልውና ወጥ የሆነ አስተሳሰብ እንዳላቸው አስረድተዋል፤ ለማን እንደሚያስረዱ ግን ግልጽ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ሚሲዮናውያንና የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎች የሚገዙትን ሕዝብ አስተሳሰብ አውቀው ሥራቸውን በተሻለ መንገድ እንዲያከናውኑ ነው። የቤኒኑ ፈላስፋ ፖውሊን ሁንቶንጂ በ1970ዎቹ አጥብቀው የተቃወሙትም ይህንኑ ነበር። የአንድ ሕዝብ የጋራ እምነት በራሱ ፍልስፍና አይባልም፤ ፍልስፍና በስም የሚታወቁ ሰዎች በጽሑፍ ያቀረቡት፣ ሌሎችም መርምረው የሚሞግቱት ሐሳብ ነው ሲሉ ተከራክረዋል።

ኬንያዊው ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ በበኩላቸው ወደ ገጠር ወርደው አዋቂ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የእያንዳንዳቸውን ሐሳብ በየስማቸው መዝግበዋል። ጋናዊው ክዋሲ ዊሬዱ ደግሞ አፍሪካዊ ምሁር በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተማረውን የፍልስፍና ጥያቄ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መልሶ እንዲፈትሸው አሳስበዋል። እንደ እርሳቸው አመለካከት፣ በአካን ቋንቋ ሲነገር ትርጉም የሚያጣ ጥያቄ ችግሩ ከአስተሳሰብ ሳይሆን ከቋንቋ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። በ1976 መጨረሻ የአፍሪካ ፍልስፍና ሴሚናር የተስተናገደው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ የሴሚናሩን ጽሑፎች አሰናድተው ያሳተሙት ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ናቸው። ሳምነር ከ1974 ጀምሮ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርዕስ ባወጧቸው አምስት ቅጾች የግእዝ የጥበብ መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ለዓለም አንባቢ አቅርበዋል። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» በውጭው ዓለም በሰፊው ሊታወቅ የቻለውም በዋነኛነት በእርሳቸው ጥረት ነው።

መጽሐፉ በአክሱም አካባቢ የተወለደ አንድ የቤተ ክህነት ሊቅ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሳው የሃይማኖት ግጭት ተከስሶ ሲሸሽ፣ በተከዜ አካባቢ በዋሻ ለሁለት ዓመታት ሲኖርና ሲያሰላስል፣ በኋላም በእንፍራዝ ተቀምጦ ሲጽፍና ሲያስተምር ይተርካል። ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ልቡና የሁሉ መመዘኛ እንደሆነ፣ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል እንደሆኑ፣ በጋብቻም ባልና ሚስት እኩል እንደሆኑ ያስተምራል። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም የራሱን ሐተታ አክሏል።

ችግሩ መጽሐፉ ለምሁራን እጅ የደረሰበት መንገድ ነው። ሐተታው እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወቁት በ1850ዎቹ መጀመሪያ በቤጌምድር ይኖሩ የነበሩት ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ናቸው። ግልባጩን ለፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ የላኩትም እርሳቸው ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ቅጂ ለዳባዲ የደረሰው መነኩሴው በ1856 በካርቱም ካረፉ በኋላ ነው። በ1920 ታዋቂው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፉት ራሳቸው አባ ጁስቶ ናቸው የሚል ማስረገጫ አቀረቡ። የመነኩሴው የትውልድ ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ፣ መሆኑም ለጥርጣሬው አንድ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ በ1934 ይህንኑ አቋም አጠናከሩ።

ለመጽሐፉ ኢትዮጵያዊነት የተሟገቱት ወገኖች በበኩላቸው የአባ ጁስቶ የግእዝ ዕውቀት እንዲህ ላለ ድርሰት የሚበቃ እንዳልነበረ፣ የመዝሙረ ዳዊት አጠቃቀሙና የአጻጻፍ ዘይቤው በግእዝ ትምህርት ውስጥ ያደገን ሰው እንደሚያሳይ አስረድተዋል። ዓለማየሁ ሞገስና ሳምነር በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ናቸው። አናይስ ዊዮን በ2013 ባሳተሟቸው ጽሑፎች የአባ ጁስቶን ደራሲነት ዳግም አጠናክረው ሲያቀርቡ፣ ቀደም ሲል መጽሐፉን ይጠራጠሩ የነበሩት ጌታቸው ኃይሌ በ2017 ሐሳባቸውን ቀይረው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል። በ2022 በኦክስፎርድ በጉዳዩ ላይ ጉባኤ ተካሂዷል፤ በ2023 ደግሞ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል።

እንግዲህ ጥያቄው በአገር ፍቅር ስሜት ወይም በውጭ ሰው ላይ ባለ ጥርጣሬ የሚፈታ አይደለም። ኮንቲ ሮሲኒን የቅኝ ገዢ አገር ምሁር ስለነበሩ ብቻ ተሳስተዋል ማለት እንደማይቻል ሁሉ፣ ጥንታዊ ቅጂ ስላልተገኘ ብቻ መጽሐፉ የአባ ጁስቶ ነው ማለትም አይቻልም። የሚፈታው በብራና፣ በቀለም፣ በእጅ ጽሕፈትና በቋንቋ ምርመራ ነው። ከ1850ዎቹ በፊት የተገለበጠ ሌላ ቅጂ በአንድ ደብር ወይም ገዳም ቢገኝ የመቶ ዓመቱ ክርክር መልኩን ይለውጣል። በአንጻሩ የአገሪቱ የብራና መጻሕፍት በስፋት ተነብበው አንዳች ፍንጭ ቢታጣ፣ ያም ራሱን የቻለ ማስረጃ ይሆናል። አሁን ያለው ሁኔታ ከሁለቱም ያልሆነ ነው።

ሁንቶንጂ በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው ያነሱት ነጥብ እዚህ ላይ ይሠራል። የአፍሪካ ምርምር ልክ እንደ ቡናና እንደ ማዕድን ነው፤ ጥሬ ዕቃው ከአህጉሩ ይወጣል፣ ተፈትጎና ተጣርቶ ዕውቀት የሚሆነው በውጭ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ይሸመታል። የሐተታው ሁለት ቅጂዎች ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ፎቶ የተነሱ ሲሆን፣ ግልባጮቹ በአዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኒሶታም ተቀምጠዋል። ብዙው የካታሎግ ሥራ የተከናወነው ግን በሚኒሶታ ነው፤ ጌታቸው ኃይሌ እስከ ሕልፈታቸው የደከሙበት ሥራ ነበር። በአገር ውስጥ ፊልሙ አለ፤ ፊልሙን ቁጭ ብሎ የሚያነብና የሚያመሳክር የሰው ኃይል ግን ሁልጊዜም ጥቂት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሁሉም ዓይን በአንድ መጽሐፍ ላይ በመሆኑ የቀረው ሀብት ተዘንግቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ»፣ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ የተተረጎመው «ፊሳልጎስ» እንዲሁም የስክንድስ ታሪክ ማንም የማይክዳቸው የግእዝ ቅርሶች ናቸው። ሳምነር የኢትዮጵያ ተርጓሚ እንደ ሎሌ ቃል በቃል አይገለብጥም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ በራሱ ሚዛን ያስተካክላል ይሉ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በ1990ዎቹ የኦሮሞን ምሳሌያዊ ንግግሮች፣ ዘፈኖችና ተረቶች በሦስት ቅጾች ማቅረባቸው ከሐተታው ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ያስገርማል። የአንድምታ ትርጓሜም አለ። አንድን ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያለ የተለያዩ ፍቺዎችን ሳይሰርዝ ጎን ለጎን የሚያኖር የትምህርት ሥርዓት ከሃይማኖታዊ ይዘቱ ባሻገር እንደ የአመክንዮ ዘዴ ሊጠና የሚገባው ነው። ለዚህ ደራሲው ማነው የሚል ሙግት አያስፈልግም፤ ጉባኤ ቤቶቹ ዛሬም አሉ።

በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች እንዲመዘገቡ ይደነግጋል፤ በዚሁ መሠረት የባህል ጽሕፈት ቤቶች የብራና መጻሕፍትን ይመዘግባሉ። ቅጽ ላይ የርዕስ፣ የቅጠል ብዛትና የባለይዞታ ስም መሞላቱ መጽሐፉን ከስርቆት ለመጠበቅ ይረዳል። ለምርምር ግን ይህ አይበቃም። በሐተታው ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ይህ ቢሆንም ሰዎች የሚጠሩት «ወርቄ» እያሉ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ዘርዓ ያዕቆብ» የሚል ርዕስ በመዝገብ ላይ የሚፈልግ ሰው፣ በሌላ ስም ወይም ያለ ርዕስ ከሌሎች ድርሰቶች ጋር የተጠረዘ ቅጂ ቢኖር ያልፈዋል። መዝጋቢው ከሽፋኑ አልፎ የእያንዳንዱን ድርሰት መነሻና መድረሻ ቃላት እንዲሁም በኅዳግ የተጻፉ ማስታወሻዎችን ቢይዝ፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ወደ ግማሽ ቀን ከፍ ይላል። ግእዝ የሚያነብ ሠራተኛም ይጠይቃል፤ በብዙ ወረዳዎች ደግሞ እንዲህ ያለው ባለሙያ የሚገኘው በመንግሥት መደብ ላይ ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው ደብር ነው።