ላ ሮሼል ገበያ ወጣን

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጉዞ ነው። “ፈረንሳይ ደርሳ መጣች ለመባል ነው” ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጋባንበትን 20ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ፓሪስ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ጋበዘችን። አንድ ሳምንት ካስተናገደችን በኋላ “አሁን ደግሞ ሁለት ቀን ብቻችሁን የምትፈልጉበት ሂዱ፤ የባቡሩን ቲኬት እኔ እችላለሁ” አለችን። እኔ በልቤ የፓሪስን ሱቆች ገና አልጨረስኩም። ቦርሳዬ ውስጥ የ14 ሰው ስም የሰፈረበት ወረቀት አለ፤ ለእናቴ፣ ለአማቴ፣ ለእህቶቼ፣ አብረውኝ ለሚዘምሩት፣ ለጎረቤት ልጆች። ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ስንት ዓይን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ግን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። “ላ ሮሼል” አለ።

“እዚያ ደግሞ ማን አለን?” ብዬ ጠየቅሁት።

“የእኛ ሰዎች።”

እኔ የሐበሻ ኅብረት ያለ መስሎኝ ነጠላዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ለካ እሱ የሚያወራው ከ400 ዓመታት በፊት ስለ ነበሩት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች፣ ሁግኖቶች ስለሚባሉት ነው! ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲያነብ ሻይው የሚቀዘቅዝበት ሰው ነው። “ገበያስ አለው?” አልኩት። “ወደብ ሆኖ ገበያ የሌለው የት አለ?” አለኝ። በዚህ ተስማማን።

ላ ሮሼል ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ታስኬዳለች። ከጣቢያው ወጥታችሁ ጥቂት እንደ ተራመዳችሁ አሮጌው ወደብ ፊት ለፊታችሁ ነው። ቤቱ ሁሉ ነጣ ባለ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። በወደቡ መግቢያ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ግንቦች ቆመዋል፤ አንዱ የቅዱስ ኒኮላስ ግንብ፣ ሌላው የሰንሰለት ግንብ ይባላል። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ሌሊት ሌሊት በሁለቱ መካከል ከባድ ሰንሰለት ይወጠርና ወደቡ ልክ እንደ ግቢ በር ይዘጋ ነበር። ዛሬ በመካከላቸው የሚያልፉት በአብዛኛው የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው።

ባለቤቴ በወደቡ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ትምህርቱን ጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1571 የፈረንሳይ ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በዚህች ከተማ ተሰብስቦ የእምነት መግለጫውን አጸደቀ፤ እስከ ዛሬ “የላ ሮሼል የእምነት መግለጫ” ተብሎ ይጠራል። በ1598 ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በናንት አዋጅ ለፕሮቴስታንቶች መብት ሲሰጥ፣ ላ ሮሼል መጠጊያ ከሆኑላቸው የተመሸጉ ከተሞች ዋነኛዋ ነበረች። የሄንሪ ልጅ ሉዊ 13ኛ ከአማካሪው ከካርዲናል ሪሼልዩ ጋር ሆኖ ግን በ1627 ከበባት። በየብስ በኩል ምሽግ ተቆፈረ። በባሕር በኩል እህል እንዳይገባ 1,500 ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ በወሽመጡ ላይ ተሠራ። ፍርስራሹ ዛሬም ባሕሩ ሲሸሽ ይታያል። እንግሊዞች በመርከብ ሊደርሱላቸው ሞክረው አልተሳካላቸውም።

ከበባው ከዓመት በላይ ቆየ። የከተማዋ ከንቲባ ዣን ጊቶን የተባለ መርከበኛ ነበር፤ እጅ እንስጥ የሚለውን ሰው በጩቤ እወጋዋለሁ ብሎ ጩቤውን በእብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ ሰካው ይባላል። ሐውልቱ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሟል። (ይኸው ሰው በኋላ በዚያው ንጉሥ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። ባለቤቴ ይህችን ቶሎ ብሎ ነው ያለፋት።) ከበባው ሲጀመር 27,000 ገደማ ሕዝብ ነበረ። በጥቅምት 1628 በሩ ሲከፈት በሕይወት የተገኙት 5,000 ገደማ ናቸው። አህያና ፈረስ፣ ቀጥሎም የተቀቀለ ቆዳ በልተዋል። መዋጋት የማይችሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች እህል እንዳይጨርሱ ተብሎ ከከተማዋ እንዲወጡ ተደረገ፤ የንጉሡ ወታደሮች ደግሞ አላሳልፍም አሏቸው። ብዙዎቹ በሁለቱ መስመር መካከል አለቁ።

“ማነው ያስወጣቸው?” አልኩት። “ከተማው ነዋ” አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝን አልሰማሁትም። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ባሏ ቅጥር ውስጥ የቀረ ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ሦስተኛው ግንብ ሄድን። የፋኖስ ግንብ ይባላል፤ ለመርከቦች ብርሃን የሚበራበት ነበር፤ በኋላ እስር ቤት ሆነ። እስረኞች በግድግዳው ላይ የፈለፈሏቸው መርከቦችና ስሞች ዛሬም ይነበባሉ። ነገር ግን ግንቡ ሌላም ስም አለው፤ የቄሶች ግንብ። በ1568 ከተማዋ በፕሮቴስታንቶች እጅ ሳለች 13 የካቶሊክ ቄሶች እዚያ ተገድለው ወደ ባሕር ተጣሉ። ባለቤቴ ይህን አላወቀም ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው። “የእኛ ሰዎች” የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አልሰማሁትም።

በነጋታው ተራው የእኔ ሆነ። ገበያ ለምትወዱ እኅቶች ላ ሮሼል መልካም ከተማ ናት። የመሐል ከተማው ጎዳናዎች ግራና ቀኝ በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ መተላለፊያ አላቸው፤ በጥንት ጊዜ ነጋዴዎች ዝናብ ሳይነካቸው ዕቃቸውን የሚዘረጉበት ነበር። ዛሬም በዝናብ ቀን ያለ ጃንጥላ ከሱቅ ሱቅ ትሄዳላችሁ። ሬ ዱ ፓሌ በሚባለው መንገድ የልብስና የጫማ ሱቆች በሽ ናቸው። ሬ ዴ መርስዬ የሚባለው ደግሞ አሮጌ ቤቶቹን እያያችሁ በቀስታ የምትሄዱበት ነው፤ ወደ ገበያው አዳራሽ ያደርሳችኋል። ገበያው በየማለዳው ይቆማል፤ ረቡዕና ቅዳሜ አካባቢው ጎዳና ድረስ ይፈስሳል። ዓሣው፣ በቅርፊቱ ያለ ኦይስተር፣ የፍየል አይብ፣ የአገሩ ቅቤ። በኮኛክ የታወቀ አካባቢ ስለሆነ ጠርሙሱም ብዙ ነው፤ እሱን አልፈነው ሄድን። በዚያ ሁሉ ጥጋብ መካከል ቆሜ ያ የተቀቀለ ቆዳ ትዝ አለኝ።

ዓይኔን የያዘው ጨው ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት ኢል ደ ሬ የምትባል ደሴት አለች፤ ከ1988 ጀምሮ ረጅም ድልድይ ከየብስ አገናኝቷታል። እዚያ የባሕር ውኃ በጭቃ መደቦች ላይ ተኝቶ ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቁት ከላይ ስስ ብሎ የሚንሳፈፈውን ጨው በእጅ ይሰበስቡታል፤ “የጨው አበባ” ይሉታል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጫማ አየሁ። ዋጋውን ለባለቤቴ ስነግረው “የሁለት ወር የቤት ኪራይ!” አለኝ በአማርኛ ጮክ ብሎ። ሃያ ዓመት በትዳር ኖረንም በገንዘብ ነገር ገና ቋንቋችን አልተገናኘም። ተኮራርፈን ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

እንዲሁ ሆነን ሬ ሳን ሚሼል የተባለ መንገድ ላይ ካለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ቀድሞ የካቶሊክ መነኮሳት ጸሎት ቤት ነበረ፤ ከፈረንሳይ አብዮት ወዲህ ነው ለፕሮቴስታንቶች የሆነው። ጌጥ የለውም። አጠገቡ የፕሮቴስታንት ታሪክ ሙዚየም አለ። እዚያ ስለ 1685 አወራን። በዚያ ዓመት ሉዊ 14ኛ የናንት አዋጅን ሻረው፤ ፓስተሮች ተሰደዱ፣ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሆላንድ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካ ሸሹ። ኒው ዮርክ አጠገብ ያለችው ኒው ሮሼል ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ስደተኞች ነው። የቀሩት ደግሞ በካቶሊክ ቄስ ፊት ካልተጋቡ ጋብቻቸው በሕግ ዘንድ ጋብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸውም ሕጋዊ ልጆች አይባሉም። በስውር፣ በሜዳና በጎተራ ተጋቡ። ይህ እስከ 1787 ድረስ፣ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። እናቴ በደርግ ጊዜ መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ እንደ ዘመሩ ሲነግሩን ነው ያደግነው፤ የጋብቻ ወረቀታቸው ግን በሳጥናቸው ውስጥ ነበር። ባለቤቴን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ኩርፊያው እዚያ ላይ ላላ።

በዚህ ብናበቃ ኖሮ ጽሑፌ ያምር ነበር። ነገር ግን ወደ ጣቢያው ስንመለስ የተረፈን ሁለት ሰዓት ስለ ነበር “የአዲሱ ዓለም ሙዚየም” የሚል ቤት ገባን። የተከፈተው በ1982 ነው። ቤቱ በጣም ያምራል፤ የአንድ ባለጠጋ መኖሪያ ነበረ። ኤሜ ቤንዣሜን ፍሎሪዮ ይባላል። በዚህች ከተማ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ በ1709 የተወለደ ሰው ነው። ዛሬ ሄይቲ ወደምትባለው ሳን ዶሚንግ ሄዶ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤት ሆነ፤ እርሻው ላይ የሚሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ከአፍሪካ የተወሰዱ ባሪያዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። እዚያ ከአንዲት ጥቁር ሴት ልጆች ወለደ። ሲመለስ ከልጆቹ አንዳንዶቹን ይዞ መጣ፤ እናታቸውን አላመጣትም። እዚህ ከነጭ ቤተሰብ ሚስት አገባ፤ በ1772 ይህን ቤት ገዛ።

እሱ ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን ከላ ሮሼል ትልልቅ የመርከብ ባለቤቶች ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ከዚህ ወደብ ከ400 በላይ መርከቦች ወደ አፍሪካ ጠረፍ ሄደው ሰው ጭነዋል። ጨርቅና ጠመንጃ ወስደው በሰው ይለውጣሉ፤ ሰውን ማዶ አራግፈው ስኳርና ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ያ ወርቃማ የሳሎን ጌጥ የመጣው ከዚያ ነው። ጊዜውን ልብ በሉ፤ የራሳቸው ጋብቻ በሕግ የማይታወቅበት፣ ልጆቻቸው ሕጋዊ ያልሆኑበት ዘመን ነው። በዚያው ዘመን የሌላውን ሰው ባልና ሚስት ለየብቻ ይሸጣሉ።

ግቢው ውስጥ የቱሳን ሉቨርቱር ሐውልት ቆሟል፤ በሳን ዶሚንግ የባሪያዎቹን ትግል የመራውና በ1803 በፈረንሳይ እስር ቤት የሞተው ሰው ነው። ሐውልቱን የሠራው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሶው ሲሆን እዚህ የቆመው በ2015 ነው። ባለቤቴ ፊቱ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ፎቶ ላንሣህ አልኩት፤ አይሆንም አለ።

በባቡሩ ውስጥ እንዲህ አለኝ፦ “ለወጣቶቹ ስለ ከበባው ላስተምር ነበር እኮ የመጣሁት።”

“ታዲያ አስተምራቸዋ።”

“የቱን ጋ ላቁም? 1628 ላይ ባቆም ደስ ይላል።”

አላቆመም። ከተመለስን በኋላ በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጊቶንን፣ የተባረሩትን እናቶች፣ 13ቱን ቄሶች፣ የስኳሩን ቤት። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና “ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እሑድ እሑድ ምን ብሎ ነበር የሚጸልየው?” ብላ ጠየቀችው። ባለቤቴ መልስ አላገኘም። እስከ አሁንም አላገኘም። ማታ ማታ ራት ላይ ያነሣዋል።

ጫማውን አልገዛሁትም፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልተወውም። በመጨረሻ የገዛሁት ከገበያው ሁለት ኪሎ ጨው ነው። ቤት ስደርስ በ14 ትንንሽ ከረጢት ከፋፈልኩት፣ በየስማቸው። ለአማቴ ስሰጣቸው ከረጢቱን ገልብጠው አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

“ፈረንሳይ ድረስ ሄደሽ፣ ልጄ፣ ጨው?”