ስቡን የሚያገኘው መርፌ

ኢንሱሊን መወጋት ያለበት ከቆዳ ሥር፣ ከጡንቻ በላይ ባለው የስብ ንጣፍ ውስጥ ነው። ስብ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚሄደው ቀስ ብሎ፣ ሐኪሙ መጠኑን ሲያዝ ባሰበው ፍጥነት ነው። መርፌው ስቡን አልፎ ጡንቻ ከነካ ግን መድኃኒቱ ሳይታሰብ ይፈጥናል። በተለይ ጭኑን የተወጋ ሰው ወዲያው ረጅም መንገድ ከጀመረ ወይም እርሻ ላይ ከዋለ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። የመርፌ ርዝመት ዋናው ጣጣ ይህ ነው።

ወፍራም ሰው ረጅም መርፌ ያስፈልገዋል የሚለው እምነት ከታማሚዎች አልፎ አንዳንድ ባለሙያዎች ዘንድም አለ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው። መርፌው ማለፍ ያለበት ቆዳውን ብቻ ነው። ኢንሱሊን በሚወጋባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በሆድ፣ በጭን፣ በመቀመጫና በክንድ የላይኛው ክፍል፣ የቆዳ ውፍረት በአማካይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በአልትራሳውንድ ሲለካ ይህ ውፍረት በክብደት፣ በፆታም ሆነ በዘር ብዙም አይለዋወጥም። ከሰው ሰው የሚለየው ከሥሩ ያለው ስብ ነው። ስለዚህ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ የወፍራሙንም የቀጭኑንም ቆዳ አልፎ ስብ ላይ ይደርሳል። ረጅሙ መርፌ ለወፍራሙ የሚጨምርለት ጥቅም የለም፤ ቀጭኑን ደግሞ ጡንቻው ድረስ ይወጋዋል።

የኢንሱሊን ፔን (ኢንሱሊኑን በውስጡ የያዘ፣ እስክሪብቶ መሰል መወጊያ) መርፌዎች 4፣ 5፣ 6፣ 8 እና 12.7 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። በአንድ ወቅት 12.7ቱ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣው፣ የ54 አገሮች ባለሙያዎች የተሳተፉበት የኢንሱሊን አወጋግ መመሪያ ግን ለአዋቂም ለልጅም 4 ሚሊ ሜትሩን አስቀድሟል። ይህ መርፌ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጋደም ይገባል፤ አብዛኛው ሰው ቆዳውን መቆንጠጥ አያስፈልገውም። እስከ 6 ዓመት ያሉ ሕፃናትና በጣም ከሲታ አዋቂዎች ግን በ4 ሚሊ ሜትርም ቢሆን ቆዳቸው ከፍ ተደርጎ መያዝ አለበት። የሚያዘውም በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ነው። በሙሉ እጅ ጨብጦ የያዘ ሰው ጡንቻውንም አብሮ ያነሳዋል።

በኢትዮጵያ ከፔኑ ይልቅ የሚታወቀው ብልቃጡና ሲሪንጁ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስለ 4 ሚሊ ሜትር የተነገረው ሁሉ ለሲሪንጅ አይሠራም። የሲሪንጅ መርፌ የብልቃጡን የጎማ ክዳን መብሳት ስላለበት ከ6 ሚሊ ሜትር አያጥርም፤ ብዙ ጊዜም 8 ወይም 12.7 ነው። ስለዚህ በሲሪንጅ የሚወጋ ሰው ሁልጊዜ ቆዳውን በሁለት ጣት ማንሳት ይኖርበታል፤ ከሲታ ከሆነ ደግሞ መርፌውን ሰያፍ አድርጎ ማስገባት ይሻለዋል። ከፔን ወደ ሲሪንጅ የሚዛወር ታማሚ ይህን ካልተነገረው ለዓመታት የለመደው እጁ ራሱ ያሳስተዋል።

በፔኑ አጠቃቀም ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉ ደረጃዎች አሉ። ኢንሱሊኑ ደመናማ ከሆነ ፔኑ 10 ጊዜ በመዳፍ መሐል ይንከባለላል፣ 10 ጊዜ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይገለበጣል፤ መናጥ የለበትም። አዲስ መርፌ ከተገጠመ በኋላ 2 ዩኒት ወደ አየር ተገፍቶ ጠብታ መታየት አለበት፤ ጠብታ ካልታየ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን አይታወቅም። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ከተጫነ በኋላም እስከ 10 ተቆጥሮ ነው መርፌው የሚወጣው፤ የቸኮለ ሰው ከመድኃኒቱ የተወሰነውን ቆዳው ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ መርፌው ወዲያው ይፈታል። ተገጥሞ ከቆየ ሙቀት ሲጨምር ኢንሱሊን ያንጠባጥባል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ይስባል። አንዱን ፔን ለሁለት ሰው ማዋል፣ መርፌ ቢቀየርም፣ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ደም ወደ ኋላ፣ ኢንሱሊኑ ወዳለበት የፔኑ ካርትሬጅ ሊመለስ ይችላልና።

መርፌ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው። ሆኖም ደጋግመው የሚጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው፤ የሚያደርጉትም አብዛኛውን ጊዜ ከቸልተኝነት ሳይሆን ከኪስ ማጠር የተነሳ ነው። ታማሚውን የሚቆጣ ባለሙያ አስቀድሞ መርፌው በስንት እንደሚገዛ ቢጠይቅ ይበጃል። አንድ መርፌን መደጋገምና አንድ ቦታ ላይ ብቻ መወጋት ከቆዳ ሥር የስብ ጉብታ ያመጣል። ጉብታው ብዙ ስለማያም ሰዎች ይወዱታል፤ ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ የሚወጣው አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ጥቂት ሆኖ ስለሆነ ስኳሩ መያዣ ያጣል። መፍትሔው በየመወጊያው መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት እየተዉ ቦታ ማዘዋወር ነው። ከጉብታ ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዞር ግን የቀድሞው መጠን ሊበዛ ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ መዞር አደገኛ ነው።

ያልተጀመረ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። የተጀመረው ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ጥላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ ያገለግላል፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ በተለይም አየሩ ደረቅ በሆነበት ቆላ። ያገለገለ መርፌ ደግሞ ወፍራምና ክዳን ባለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ፣ ሲሞላ ጤና ጣቢያው ተቀብሎ የሚያስወግደው እንደሆነ ተጠይቆ ይወሰዳል።